ሁለት ጫፍ ያለው መስመር

ሄለን፦ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮግራሞች ለመነጋገር የግድ ኔትወርክ ያስፈልጋቸዋል እንዴ?

ዳዊት፦ ኧረ በጭራሽ! እ.ኤ.አ. በ1983 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው 4.2 ቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ስርዓተ ክወና «ሶኬትፔር» የሚባል ነገር አለው። አንዴ ስትጠሪው እርስ በርስ የተገናኙ ሁለት ሶኬቶች፣ ማለትም የአንድ መስመር ሁለት ጫፎች፣ ይሰጥሻል። አድራሻ የለ፣ ፖርት የለ።

ሄለን፦ ፕሮግራሞችን የሚያገናኝ ፓይፕ ነበረ አይደል?

ዳዊት፦ ነበረ፤ ግን የድሮው ፓይፕ መልእክት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያስኬደው። ይሄኛው እንደ ስልክ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ይወራል፣ ይሰማል። ፕሮግራሙ ፎርክ በሚባለው ጥሪ የራሱን ቅጂ፣ ማለትም «ልጅ»፣ ሲፈጥር ታዲያ ልጁ ሁለቱንም ጫፍ ይወርሳል።

ሄለን፦ ሁለቱ ምን ያደርጉለታል?

ዳዊት፦ ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ወላጅ አንዱን፣ ልጅ ሌላውን መዝጋት አለባቸው። ልጁ የወላጁን ጫፍ ሳይዘጋ ከቀረ፣ ወላጁ ቢሞት እንኳ መስመሩ የተቋረጠ አይመስለውም፤ የማይመጣ መልእክት ሲጠብቅ ይኖራል።

ሄለን፦ ምስኪን! ማን ይጠቀምበታል?

ዳዊት፦ ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር ለመግባት የሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች አንዱ ነው። ከውጭ የሚመጣውን የሚያስተናግደው ክፍል ሥልጣን የለውም፤ የይለፍ ቃል ለማስመርመር ባለሥልጣኑን ክፍል በሶኬትፔር መስመር ይጠይቃል። እኔ በበኩሌ ከዚህ ያማረ አገልግሎት አላየሁለትም።

ሄለን፦ ባለሥልጣኑስ የተጠየቀውን ሁሉ ይፈጽማል?

ዳዊት፦ አይ፣ የተፈቀደውን ብቻ። ሌላ ከተጠየቀ ግንኙነቱን ያቋርጣል።