ረጅም ባቡር በጠባብ ኩርባ



በሞዴል ባቡር ክበቦች ዘንድ እያንዳንዱ አባል በቤቱ የሠራውን የሐዲድ ክፍል አምጥቶ ከሌሎች ጋር ማጋጠሙ የቆየ ልማድ ነው። ይህም የሚሳካው የክፍሎቹ ጫፍ በአንድ ልክ ስለሚሠራ ነው። ችግሩ የሚከተለው ባቡሩ ሲረዝም ነው።

በ1፡87 መጠን 26 ሜትር የሚረዝም የመንገደኞች ፉርጎ 30 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። የቦጂዎቹ ማእከላት 21 ሳንቲሜትር ቢራራቁ፣ ራዲየሱ 457 ሚሊሜትር በሆነ ኩርባ ላይ የፉርጎው ወገብ 12 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያፈነግጣል። የአሜሪካው የፍሪ-ሞ ደንብ ለዋና መሥመር በወሰነው ዝቅተኛ ራዲየስ፣ ማለትም በ1067 ሚሊሜትር፣ ማፈንገጡ 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ባቡሩ በረዘመ መጠን የሚጎትተው ኃይል ከፊት ያሉትን ቀላል ፉርጎዎች ወደ ኩርባው ውስጥ ስቦ ከሐዲድ ያስወጣቸዋል።

ታዲያ ማዕዘኖቹን ማስፋት በቂ ነውን? አዳራሹ አይሰፋምና እያንዳንዱ ማዕዘን በየጎኑ 61 ሳንቲሜትር ይጨምራል፤ በሁለት ማዕዘን መካከል ያለው ቀጥተኛ መሥመርም 122 ሳንቲሜትር ያጣል። ይህ ልክ ባለ 4 ጫማ አንድ ክፍል ነው። በአራቱ ጎን አራት አባላት የደከሙበት ሥራ ከመሥመሩ ይወጣል ማለት ነው።

ስለሆነም የወጡት ክፍሎችና አሮጌዎቹ ማዕዘኖች ለአጫጭር ባቡሮች የቅርንጫፍ መሥመር ቢሆኑ ይመረጣል። ክበብ የሚቆመው በሐዲዱ ርዝመት ሳይሆን በአባላቱ ነውና፣ ማሻሻያው ማንንም ከገበታ የማያስነሣ ይሁን።