ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ሞተር ስለመምረጥ



የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ የመኪና ነጋዴ ጉዳይ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን ቴርሞዳይናሚክስን፣ የመልክዓ ምድርን አቀማመጥና የአንድን ቤተሰብ ጥሪት በአንድነት የሚነካ ጥያቄ ነው። ተሳቢ ለመጎተት የሚገዛ መኪና ሞተሩ በናፍጣ የሚሠራ ይሁን ወይስ በቤንዚን?

በአገራችን ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልሱት ባለ ተሳቢ ከባድ መኪኖች የናፍጣ መኪኖች ናቸው፤ ለእነርሱ ጥያቄው መልስ ካገኘ ቆይቷል። ጥያቄው ዛሬም ሕያው ሆኖ የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ ነው። በዚያ አገር አንዱ ዓይነት ፒክአፕ በሁለቱም ሞተር ተሠርቶ ለገበያ ይቀርባል፤ ገዢው መምረጥ አለበት። በጭነት ሥራ ከተሰማሩት መካከል ደግሞ የእኛ ወገኖች ይገኙበታል። ስለዚህ ምሳሌዬን በአብዛኛው ከዚያ እወስዳለሁ፤ ነገሩን ለማቅረብ በሚረዳበት ቦታ ግን ወደ አባይ ሸለቆ እመለሳለሁ።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ብዙ ሰው «የትኛው ይበልጥ ይጎትታል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ግን መጠየቅ ከሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች ትንሹ ነው። ሁለቱ ከባድ ጥያቄዎች «ቁልቁለቱን በምን ተይዞ ይወርዳል?» እና «በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እየጎተተ ይጓዛል?» የሚሉት ናቸው።

ሁለቱ ሞተሮች

ኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምት ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1876 ሠራ። ሩዶልፍ ዲዝል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ የራሱን ሞተር በተሳካ ሁኔታ ፈተሸ። የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ በካንዴላ ብልጭታ ያቃጥላል። የናፍጣ ሞተር አየሩን ብቻ አጥብቆ ይጨምቃል፤ በመጨመቅ በጋለው አየር ውስጥ ናፍጣው ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። የመጭመቅ ምጣኔው በቤንዚን ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12፣ በናፍጣ ሞተር ከ15 እስከ 18 ገደማ ነው። የመጭመቅ ምጣኔ ሲጨምር ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻም ይጨምራል። በዚህ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት በውስጡ ይዟል። የናፍጣ ቁጠባ ምንጩ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ዳገት

የ2020 ሞዴል ፎርድ ኤፍ-250ን እንመልከት። ባለ 7.3 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር 430 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6.7 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር 475 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ቶርክ የምንለውን፣ ማለትም ዘንጉን የሚያዞረውን ጉልበት ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቤንዚኑ 644 ኒውተን ሜትር የሚሰጠው በደቂቃ 4000 ዙር ሲሽከረከር ነው፤ ናፍጣው በ1600 ዙር ብቻ 1424 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱም ዳገቱን ይወጣሉ። አንዱ ማርሽ እየቀነሰ፣ እየጮኸና ነዳጅ እየጨረሰ ይወጣል፤ ሌላው ረጋ ብሎ ይወጣል።

ከፍታ ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰፋል። ከኮሎራዶዋ ዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው አውራ ጎዳና በአይዘንሃወር ዋሻ ከ3300 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ ከሩብ በሚበልጥ ያነሰ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ያጣል። 430 የነበረው ወደ 310 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን ቀጭኑን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉልበቱን ይጠብቃል። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ እንዲጠነቀቁ እፈልጋለሁ፤ ይህ የቱርቦ ጸጋ እንጂ የናፍጣ ጸጋ አይደለም። ቱርቦ የተገጠመለት የቤንዚን ሞተርም ከፍታን ይቋቋማል። እንደ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት መዘንጋት የለበትም።

ቁልቁለት

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መኪናውና ተሳቢው በአንድነት 6 ቶን ይመዝናሉ እንበል፤ ለስሌት እንዲመቸን 1000 ሜትሩን ብቻ በግማሽ ሰዓት ይውረዱ። ከከፍታው የሚለቀቀው ጉልበት 59 ሜጋ ጁል ገደማ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ሲካፈል በአማካይ 33 ኪሎ ዋት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ሩብ ያህሉን የጎማው ሰበቃና የአየሩ ግፊት ይውሰዱት ብንል ወደ 24 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ይተርፋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ ሞተሩ ካልያዘልን፣ ፍሬኑ ላይ ስድስት ምጣድ ለግማሽ ሰዓት ያለ ማቋረጥ ጥደናል ማለት ነው። የፍሬን ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ይሳነዋል፤ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። ዳገት ላይ የደከመ ሞተር የሚያስከትለው መዘግየትን ነው። ቁልቁለት ላይ የደከመ ፍሬን የሚያስከትለውን ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ ጉዳይ የተስፋፋ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ «ናፍጣ መጭመቁ ከፍ ያለ ስለሆነ በራሱ ይይዛል» ይባላል። እንደዚያ አይደለም። የተጨመቀው አየር እንደ ስፕሪንግ ነው፤ ፒስተኑ ሲወጣ የወሰደውን ሲወርድ ይመልሳል። እንዲያውም በዚህ ረገድ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ የሚበልጠው ቤንዚን ነው። የቤንዚን ሞተር ፔዳሉ ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ሲሊንደሮቹ ባዶውን እየሳቡ ይለፋሉ፤ ያ ልፋት መኪናውን ይይዛል። በተለመደው የናፍጣ ሞተር ግን አየሩ በነፃነት ይገባል።

ናፍጣን ቁልቁለት ላይ አስተማማኝ ያደረገው ተጨማሪ ብልሃት ነው። በስሙ የሚጠራው የሞተር ፋብሪካ መሥራች ክሌሲ ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1931 በካሊፎርኒያ ካሆን ፓስ ቁልቁለት ላይ የመኪናው ፍሬን አልይዝ ብሎት ከሞት ለጥቂት ተርፏል። ከዓመታት በኋላ የተጨመቀውን አየር ከመመለሱ በፊት የሚያስተነፍስ የሞተር ፍሬን ነደፈ፤ መሣሪያውም እ.ኤ.አ. በ1961 በጃኮብስ ኩባንያ ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። በዛሬዎቹ ከባድ የአሜሪካ የናፍጣ ፒክአፖች ደግሞ የጭስ መውጫውን በቱርቦው አማካይነት የሚያጠብ ፍሬን ይገኛል። ስለሆነም ያገለገለ የናፍጣ መኪና የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «የሞተር ፍሬን አለው ወይ?» የሚል መሆን አለበት። ተሳቢውም የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። የአነዳዱ ሕግ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ሒሳቡ

በአሜሪካ የናፍጣው ሞተር በመኪናው ዋጋ ላይ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ይጨምራል። ተሳቢ ሲጎትት ቤንዚኑ በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር፣ ናፍጣው 18 ሊትር ይፈጃሉ እንበል፤ የሁለቱም ነዳጅ ዋጋ በሊትር 1 ዶላር ይሁን። በየ100 ኪሎ ሜትሩ 7 ዶላር ይተርፋል። 10 ሺህ ዶላሩ የሚመለሰው ወደ 143 ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጎተተ በኋላ ነው። በዓመት 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ጭነት የሚያመላልስ ሰው ገንዘቡን በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ያገኘዋል። በበጋ ወራት ብቻ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጎትት ቤተሰብ ግን ከ28 ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት። ቁጥሮቹን በራሳችሁ አገር ዋጋ ተኩ፤ የስሌቱ መንገድ አይለወጥም።

በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይታከሉ። አንደኛ፣ ዘመናዊው የናፍጣ ሞተር ነዳጁን ወደ 2000 ባር በሚደርስ ግፊት የሚረጭ ስለሆነ ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ነዳጅ ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን ያበላሻል፤ ጥገናውም ውድ ነው። «ናፍጣ አይሞትም» የሚለው አባባል የቀድሞዎቹን ሞተሮች ይመለከታል። ሁለተኛ፣ የጥቀርሻ ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ሲግል ነው፤ ባዶውን አጭር መንገድ ብቻ የሚመላለስ መኪና ማጣሪያው ይደፈናል። ሦስተኛ፣ የናፍጣ ሞተር ይከብዳል፤ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ደግሞ የተወሰነ ነው። ተሳቢው ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በመጎተቻው ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ኃይለኛው ሞተር በራሱ ጀርባ የሚሸከመው አነስተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከባድ ተሳቢ፣ ተራራማ መንገድ፣ በየቀኑ ረጅም ጉዞ፣ የሞተር ፍሬንና ንጹሕ ነዳጅ በአንድነት ከተገኙ ምርጫው ናፍጣ ነው። ተሳቢው ቀላል፣ ጉዞው አልፎ አልፎ፣ መንገዱ ሜዳ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን የሚመርጥ ሰው አልተሳሳተም፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ የተሳቢ ፍሬን ቢያውለው እንዲያውም ብልህ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ተመርቃችሁ ስትወጡ ዘመድ ወዳጅ «አንተ መሐንዲስ ነህ፣ አንቺ መሐንዲስ ነሽ፤ የቱን ልግዛ?» ማለቱ አይቀርም። ጠያቂው ምናልባት የብዙ ዓመት ቁጠባውን ወይም የቤተሰቡን ዕቁብ ይዞ የቆመ ሰው ነው። የሞተር ስም ከመጥራታችሁ በፊት ክብደቱን፣ መንገዱንና ኪሎ ሜትሩን ጠይቁት፤ ከዚያም አጠገቡ ተቀምጣችሁ አስሉለት።

ለጥያቄዎቻችሁ መድረኩ ክፍት ነው።