እንቅልፍ እምቢ ላለዎት

ምናልባት ይህችን ጽሑፍ የሚያነቡት ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ እርስዎ ብቻ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ባደሩ ማግስት ይሆናል። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ነገር፣ የሥራ ነገር፤ ቀን ላይ ትንሽ የነበረው ሌሊት ተራራ ያክላል፣ አይደል?

አንድ በደሌን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት አንዲት እህት ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብላ፣ «ፓስተር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለችኝ። እኔም በደንብ ሳልሰማት፣ «እምነትሽን አጠንክሪ፤ ሌሊት እየተነሣሽ ጸልዪ» ብዬ ሸኘኋት። ታዘዘች። ከወራት በኋላ ሳገኛት ከስታ፣ «እምነት የለኝም ማለት ነው» እያለች ራሷን ትኰንን ነበር። አንድ ሸክም ይዛ መጥታ ሁለት አሸክሜ ሰደድኳት!

እግዚአብሔር ሰውነታችንን እንዴት አድርጎ እንደ ሠራው መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። «የጭንቀት ሆርሞን» ቢባልም ክፉ አይደለም፤ ጠዋት የሚያነቃቃን እሱ ነው። ሊነጋጋ ሲል ይጨምራል፣ ከነቃን በኋላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። በአንጎላችን ውስጥ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ታመነጫለች፤ እሱም ለሰውነት ሁሉ «መሽቷል» ብሎ ይነግራል። ከመኝታ ሰዓታችን 2 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መጨመር ይጀምራል፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይበዛል፣ ሲነጋ ይቀንሳል። እንደ ቀንና እንደ ሌሊት ዘበኛ ተራ ይቀባበላሉ።

ታዲያ ማታ ስንጨነቅ ምን ይሆናል? ሰውነታችን አደጋ የመጣ ይመስለዋል። አድሬናሊንና ኮርቲዞል ይለቀቃሉ፣ ልብ ይመታል። የቀኑ ዘበኛ ከበሩ አልነሣም ይላል! ጭንቀቱ ሲሰነብት የሜላቶኒንን ሥራ ሊያውክ ይችላል። እንቅልፍ ሲጠፋ ስልክ እናነሣለን፤ የስልኩ ብርሃን ደግሞ ሜላቶኒንን ይቀንሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ምሽት ኮርቲዞሉ ከፍ ሊል ይችላል። እንዲህ እያለ ጭንቀት እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ማጣትም ጭንቀት ይወልዳል።

አሁን 1ኛ ነገሥት 19ን ይክፈቱ። ኤልያስ ኤልዛቤልን ሸሽቶ በምድረ በዳ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ገሠጸው? አልገሠጸውም! እንዲተኛ ተወው። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ ደግሞ ተኛ። «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው በኋላ ነው። እኔ ግን ለዚያች እህት ጥያቄውን አስቀድሜ እንጎቻውን ረስቼ ነበር።

አዳር ጸሎትን እየነቀፍኩ አይደለም። ጌታችን ሌሊቱን ሙሉ በጸሎት አድሯል፤ ያው ጌታ ግን በማዕበል መካከል በታንኳ ውስጥ ተኝቷል። መዝሙር 127ም እንቅልፍን እግዚአብሔር ለሚወዳቸው የሚሰጠው ስጦታ አድርጎ ያሳየናል።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ጠዋት ወጣ ብለው የፀሐይ ብርሃን ያግኙ። የማታውን ቡና ይተዉት። ስልኩን ከአልጋው ያርቁ። የሚያስጨንቅዎትን በወረቀት ጽፈው፣ አንድ በአንድ ለጌታ ነግረው፣ መብራቱን ያጥፉ። ሳምንታት ካለፉና ካልተሻለዎት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሐኪም ማየት ክህደት አይደለም። ያችን እህት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሐኪም ዘንድ የሸኘኋትም እኔው ነኝ፣ በጸሎት።

እርስዎ ሲተኙ ዓለም አይወድቅም። የሚጠብቅዎት አይተኛም። አብረን እንጸልይ፦

ጌታ ሆይ፣ ቀኑንም ሌሊቱንም የሠራኸው አንተ ነህ። የምፈራውን ሁሉ ዛሬ ማታ በእጅህ አስቀምጣለሁ። ሰውነቴን አሳርፍልኝ፤ እኔን ከመኰነን አውጣኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።