አለመጉዳትና የመሐንዲሱ ፊርማ



በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ ሕንዳውያን ለማህተማ ጋንዲ መታሰቢያ ያሠሩት ነው። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1888 ለሕግ ትምህርት ወደ ለንደን ሊሄዱ ሲሉ፣ እናታቸው የፈቀዱላቸው ሥጋ፣ መጠጥና ሴት እንዳይነኩ በአንድ የጃይን መነኩሴ ፊት ከማሉ በኋላ ነበር።

በጃይን እምነት የመጀመሪያው ስእለት አሂምሳ፣ ማለትም አለመጉዳት ነው። ይኸውም በሐሳብ፣ በቃልና በሥራ ጉዳት አለማድረስ ብቻ አይደለም፤ ሌላው እንዲጎዳ አለማዘዝና ሲጎዳ አይቶ አለማጽደቅም ጭምር ነው። መነኮሳቱ ነፍሳትን እንዳይረግጡ መሬቱን እያዩ ይራመዳሉ፤ ምእመናኑ ውኃ አጥልለው ይጠጣሉ፤ ብዙዎቹም ከመሬት የሚነቀለውን ድንችና ሽንኩርት እንኳ ይተዋሉ። (ሽንኩርት የሌለው የጾም ወጥ ለሐበሻ ምላስ ከባድ ፈተና በሆነ ነበር።)

ለባለሙያ ይልቁንም የሚጠቅመው ስለ ሥራ የሚሉት ነው። ሆን ተብሎ የሚፈጸመውን ጉዳት ምእመኑ ፈጽሞ እንዲተው፣ በሥራው ምክንያት የሚደርሰውን ግን በተቻለው መጠን እንዲቀንስ ይጠየቃል። ጥንታውያን መጻሕፍታቸው እንዲርቃቸው ከሚመክሩት 15 የሥራ ዓይነቶች አንዱ መሬት መቆፈር ነው።

መሐንዲስ ሳይቆፍር መሠረት አይጥልም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ለኮሪደር ልማት የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ከማፍረስ ቀጥሎ የሚመጣው ጥልቅ ቁፋሮ ነው። በመረሬ አፈር የተቆፈረ ጉድጓድ በበጋ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ይናዳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል። እስከ ደረቱ የተቀበረ የቀን ሠራተኛ ራሱ ከአፈር በላይ እያለ እንኳ ትንፋሽ አጥሮት ሊሞት ይችላል።

ይህን ሰው ማንም ሆን ብሎ አልገደለውም። ሆኖም የግድግዳው መደገፊያ ለወጪ ቅነሳ ሲቀር ያዘዘ አለ፤ በፊርማው ያጸደቀም አለ። በጃይኖች ሒሳብ ያዘዘውና ያጸደቀው ከአድራጊው ጋር በአንድ መዝገብ ይገባሉ።

መደገፊያው በቁፋሮው ዋጋ ውስጥ ተጠቃልሎ ሲገባ ተቋራጩ ቢተወው የሚቀነስበት ነገር የለም፤ ያተርፍበታል እንጂ። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የራሱ ተራ ቁጥር ቢሰጠው ግን ያልተሠራው አይከፈልም፤ አማካሪ መሐንዲሱም ክፍያ ከመፈረሙ በፊት ወርዶ ጉድጓዱን ለማየት ይገደዳል።