የወረቀቱ ኪራይና የእጁ ኪራይ

ከመርካቶው ሶማሌ ተራና ከአካባቢው ወደዚህ ዝግጅት በሚደውሉ አድማጮች ዘንድ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «አከራዬ ጨምር አለኝ፤ መብቱ ነው ወይ?» ትንሽ ቆይቶ፣ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ይከተላል፦ «ውሉ ላይ ያለውና የምከፍለው ግን አንድ አይደለም።» ጣጣው ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሕጉስ አለ። የተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 2016 ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዕድሜ ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ካሳወቀው መጠን አያልፍም። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም፤ «የስድስት ወር አምጣ» የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ምን ጎደለ? አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር እንዳይበዛበት ዝቅ ያለ ዋጋ ያስጽፋል። እንበልና ውሉ 3,000 ብር ይላል፤ በየወሩ የሚከፈለው ግን 6,000 ነው። ግማሹ በባንክ፣ ግማሹ በእጅ። አንዳንዱ ተከራይ «ያነሰ ቢጻፍ እኔን ምን ጎዳኝ?» ይላል። ጎዳው እንጂ! በእጅ የሰጠው ገንዘብ ደረሰኝ የለውም። አከራዩ ድንገት 8,000 ሲለው፣ ወረዳ ሄዶ ለመክሰስ የገዛ ፊርማው ያሳፍረዋል። አከራዩም የሚተማመነው በዚሁ ነው።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው መካኒኩን አስከትሎ ይመጣል፤ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ ያሸታል፣ «አስነሱልኝ» ይላል፣ የማይነሳ ከሆነ ጥሎ ይሄዳል። ያው ሰው ማታ ደላላው ያቀበለውን ውል ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ሳያነብ ይፈርማል። ኧረ ተው ወንድሜ! የሞተሩን ያህል እንኳ መርምረው።

የዚህ ወግ አቅራቢ ቢደጋግመውም አይታክተውም፦ ከኪስ የሚወጣው ብር ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የተጻፈውም ሁሉ በባንክ ወይም በስልክ ይከፈል። አዋጁ የኤሌክትሮኒክ ክፍያን ያስገደደው ለዚሁ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሄደ ኪራይ ምስክር አልባ ነው።

የደባሎች ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ፤ በመርካቶ ዙሪያ ብዙ ሰው ዛሬም የሚኖረው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው። አንዲቱን ክፍል በኮምፔንሳቶ ከፍሎ ማከራየት ተለምዷል። ግን የቀበሌ ቤትን ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ክልክል ነው። ደባሉ ቢባረር የሚያቀርበው የተመዘገበ ውል የለውም፤ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ቤቱ የማን እንደሆነ ይጠይቅ።

ሰዓታችን እያለቀ ስለሆነ ቀሪው በአጭሩ። ቤቱ ቢሸጥ ተከራዩ በማግስቱ አይባረርም፤ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ተከራዩም መልቀቅ ሲፈልግ ሁለት ወር አስቀድሞ ይናገር። ውል ያላስመዘገበ ቢኖር፣ ነገ ጠዋት ቅጂውን ይዞ ወደ ወረዳው ይሂድ፤ ከመሄዱ በፊት ግን ዋጋው ትክክለኛው መሆኑን ደግሞ ይይ።