ስለ ቀልድ መጻሕፍት ጥቂት ወግ

(በብስራተ ገብርኤል በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ጋሼ፣ ስለ መጽሐፍ አንድ ነገር ይበሉን» ሲሉኝ ቁም ነገር የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን እዚሁ ብስራተ ገብርኤል ባለው ቤቴ አልጋዬ አጠገብ የደረደርኩት የቀልድና የወግ መጻሕፍት ነው። ፍልስፍናውና ታሪኩ ሳሎን ነው ያለው፤ እንግዳ እንዲያየው። ባለፈው ከሜክሲኮ በሳር ቤት በሚመጣው ታክሲ ውስጥ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ፣ ረዳቱ «አባባ፣ ደህና ኖት?» አለኝ። አባባ መባሉን ገና አልለመድኩትም።

ታዲያ የቀልድ መጽሐፍ ሁሉ አንድ አይደለም። መንገድ ላይ የሚሸጡት ስስ ጥራዞች ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ባገኙ ቁጥር አለቃ ገብረ ሐና ላይ ይለጥፉታል። ይህ ያናድደኛል። አለቃ እኮ ትልቅ ሊቅ ነበሩ! በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም የእሳቸው ሥራ ነው። ቀልዱን አስር ጊዜ የሰማ ሰው ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማም።

ወደ ወግ ስንመጣ መስፍን ሀብተማርያምን አስቀድማለሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት እኚህ ሰው «የቡና ቤት ሥዕሎች» ላይ ማንንም ሳያዋርዱ ያስቃሉ። ኤፍሬም እንዳለን አዲስ አድማስ ጋዜጣ ላይ ሳነብ ኖሬያለሁ። በዕውቀቱ ስዩምን ግን ዘግይቼ ነው የደረስኩበት። በ2008 የወጣውን «ከአሜን ባሻገር»ን ሳነብ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ፤ በሳቅ ብቻም አይደለም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ ክፍሉ እንቅልፍ ሲጥለው ከአንዲት የቀልድ መጽሐፍ እያነበብኩ እቀሰቅስ ነበር። አንድ ቀን ከተማ ገብቶ ሊፍት ስላየ ባላገር አነበብኩ። አነጋገሩንም አስመሰልኩ፤ ደህና አድርጌ ነው ያስመሰልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁልጊዜ ፊት ወንበር የሚቀመጥ፣ ከጎጃም ገጠር የመጣ አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። እሱም ሳቀ። በማግስቱ ግን የኋላ ወንበር ላይ አገኘሁት። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ፈተናውን አንደኛ ሲወጣ «ይኸው፣ ምንም አልሆነም» አልኩ።

በዕውቀቱም ጎጃም፣ መንኩሳ ተወልዶ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። ቀልዱ መጀመሪያ የሚያርፈው ራሱ ላይ ነው፤ አንባቢው ከእሱ ጋር ይስቃል። እኔ ያነበብኳት መጽሐፍ ደራሲ ግን ባላገሩን አያውቀውም ነበር። እኔም አላውቀውም ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳለ አልጠየቅኩትም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «እንዲህ ከሆነማ የሚቀለድበት ምን ይቀራል?» ይሉኛል። ብዙ ይቀራል! ደመወዛችን አለ፣ የሹመኛ ስብሰባ አለ፣ የእኛ የመምህራን ኩራት ብቻውን ሦስት ቅጽ ይወጣዋል።

የዚያን ተማሪ ስም አልጠራም። የዛሬ ማታ የእንግዶች ዝርዝር ላይ ግን አይቼዋለሁ። ልጄ፣ አንተ ረስተኸው ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም፤ ያኔ ልልህ ይገባኝ የነበረውን ይቅርታ ዛሬ በሰው ፊት እጠይቅሃለሁ፤ ያሳቅኩብህም በሰው ፊት ነውና። ራት ላይ ከጎኔ አንድ ወንበር ይዤልሃለሁ። ፊት ለፊት ነው።