ያልተፈለገው ሙጫ



በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የምናያት፣ ተለጥፋም ያለ ጕዳት የምትነሣው ትንሽ ቢጫ ወረቀት ታሪክ አላት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 በአሜሪካ የስሪ ኤም ኩባንያ የኬሚስትሪ ሊቅ ስፔንሰር ሲልቨር ብርቱ ሙጫ ሲሻ ደካማ ሙጫ አገኘ። ሙጫው ለታሰበለት ሥራ ባይረባም፣ እርሱ ሳይጥለው ለባልደረቦቹ እየዞረ ያሳይ ነበር። በ1974 ባልደረባው አርት ፍራይ፣ ከመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ እየወደቀ ላስቸገረው የገጽ ምልክት ይህ ሙጫ እንደሚበጅ ተገለጸለት።

በ1977 ወረቀቱ በአራት ከተሞች ለገበያ ቢቀርብም፣ ሕዝቡ ጥቅሙን ስላላወቀ ፈላጊ አጣ። ኩባንያው ግን በሚቀጥለው ዓመት በቦይሲ ከተማ በነጻ አደለው፤ ከሞከሩትም ሰዎች ከመቶ 90 የማያንሱት እንገዛለን አሉ። በ1980 በመላው አሜሪካ ተሸጠ።

እንግዲህ የበታች ሠራተኛ አዲስ አሳብ ይዞ ሲቀርብ፣ «ይህ ከዚህ በፊት አልተለመደም» ብለን ከመመለሳችን በፊት፣ በጥቂት ወጪና በአንድ ስፍራ እናስሞክረው። ተሞክሮ የከሸፈ አሳብ ኪሳራው በሒሳብ መዝገብ ይታያል፤ ሳይሞከር የተጣለው ግን ያስቀረብንን ጥቅም የሚመዘግብልን የለም።